ማኅበሩ ሲፈርስ ሕዝቡን ማን ጠየቀው?

ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ትሰናዳ በነበረበት ጊዜ፣ ይኸውም ከ2016 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት፣ የዚያች ሀገር ሕዝብ በመሪዎቹ ላይ ያሳየው ምሬት የዓለም መነጋገሪያ ሆኖ እንደ ሰነበተ ይታወሳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።) ሕዝቡ በጁን 23 ቀን 2016 ድምፅ ሲሰጥ ከመቶው 52 ያህሉ «እንውጣ»፣ 48 ያህሉ ደግሞ «እንቆይ» አለ። ከዚያ በኋላ ግን መሪዎቹ እንዴት እንደሚወጡ መስማማት ተሳናቸው። መንግሥት ያቀረበውን የመውጫ ውል ፓርላማው በ2019 ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ሦስት ጊዜ ጣለው፤ ለመውጫ ተቈርጦ የነበረውም ቀን፣ ማርች 29፣ እንዲሁ አለፈ። «እንውጣ» ያለው ወገን ተከዳሁ ሲል፣ «እንቆይ» ያለውም በበኩሉ መውጣቱ ይቅር የሚል ከ6 ሚሊዮን በላይ ፊርማ የያዘ አቤቱታ አቀረበ። ሁለቱ ወገኖች በዚያ ወራት የተስማሙበት ነገር ቢኖር በመሪዎቻቸው ማዘናቸው ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያን ሰሞን በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም አንድ ሠልጣኝ እጁን አንሥቶ፣ «እንዲህ ያለ ነገር በአፍሪካችን ደርሶ ያውቃል ወይ?» ሲል ጠየቀን። እኛም ሳንዘገይ በ1977 የፈረሰውን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ጠቀስንለት። የመፍረሱንም ምክንያቶች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍን፤ እነርሱም የጥቅም ክፍፍል አለመመጣጠን፣ የፖለቲካ መሥመር ልዩነትና የመሪዎች ጠብ ናቸው። ሠልጣኞቹ ሁሉ ሲገለብጡ ጠያቂው ግን ደብተሩን ሳይከፍት፣ «ታዲያ ሕዝቡ ምን አለ?» ብሎ ደገመ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ዘግይቶም ቢሆን ለዚያ ሠልጣኝ የምንሰጠው መልስ ነው።

ሥፍራው

ከጊዜ በኋላ ናይሮቢን የማየት ዕድል አጋጥሞን ነበር። የባቡር ጣቢያውን ከመሃል ከተማው የሚለየው ሰፊ ጎዳና በአፄ ኃይለ ሥላሴ ስም የሚጠራ ስለ ሆነ፣ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ገና ከጅምሩ እንግድነቱ ይቀለዋል። ከጣቢያው አጠገብ በ1971 የተከፈተው የባቡር ሙዚየም ይገኛል። ከዚያ ወደ ሰሜን በሞይ ጎዳና ሲሄዱ ሐውልቱ በ2011 የቆመለት የቶም ምቦያ ምስል ይታያል። ከእርሱም ብዙ ሳይርቅ እስከ 2022 መጨረሻ ሂልተን ሆቴል የነበረው ክብ ፎቅ አለ። ወደ ምዕራብ ዞር ሲባል ባለሰዓት ግንቡ ፓርላማ ይገኛል። ይህን ሁሉ በእግር ለማዳረስ ከግማሽ ቀን በላይ አያስፈልግም። የምንናገርለትም ታሪክ አብዛኛው የተፈጸመው በእነዚህ ጥቂት ጎዳናዎች ላይ ነው።

የአንድነቱ አመጣጥ

የሦስቱን ሀገሮች፣ ማለት የኬንያን፣ የኡጋንዳንና የያኔዋን ታንጋኒካን ትስስር መጀመሪያ የፈጠረው የቅኝ ገዢው የእንግሊዝ መንግሥት እንጂ የሕዝቡ ምኞት አልነበረም። ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1899 ናይሮቢ፣ በ1901 ደግሞ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ደረሰ። በ1917 ኬንያና ኡጋንዳ የጉምሩክ ኅብረት መሠረቱ፤ ቆይቶም ታንጋኒካ ገባችበት። በ1948 የጋራ አገልግሎቶችን የሚመራ ከፍተኛ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1961 ደግሞ ታንጋኒካ ነፃነቷን ልትቀዳጅ በተቃረበችበት ጊዜ በሌላ ድርጅት ተተካ። ገንዘቡ አንድ ሽልንግ፣ ባቡሩ አንድ፣ ፖስታውና ቴሌፎኑ አንድ፣ አውሮፕላኑም አንድ ነበር።

ነፃነት ሲመጣ ይህ የባዕድ ሥራ ወደ ሕዝብ ንብረትነት የሚለወጥ መሰለ። በሜይ 25 ቀን 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ በጁን 1፣ ኬንያ የውስጥ አስተዳደሯን በእጇ አስገባች። ከዚያም ገና በአራተኛው ቀን፣ በጁን 5፣ ሚስተር ጆሞ ኬንያታ፣ ሚስተር ጁሊየስ ኔሬሬና ሚስተር ሚልተን ኦቦቴ በናይሮቢ ተሰብስበው በዚያው ዓመት ውስጥ ሦስቱን ሀገሮች በአንድ ፌዴሬሽን እንደሚያዋህዱ የሚገልጽ መግለጫ ፈረሙ። ዓመቱ ግን ፌዴሬሽኑ ሳይታይ አለቀ። እያንዳንዱ መንግሥት የየራሱን ምክንያት ይዞ ወደ ኋላ አለ። በ1966 አንዱ ሽልንግ በሦስት ሽልንግ፣ በሦስት ማዕከላዊ ባንክ ተተካ። ቃሉ ለምን እንደ ታጠፈ ለሕዝቡ ቀርቦ ያስረዳ መሪ አልነበረም። ቅሬታው ከዚህ ጀመረ ብንል አንሳሳትም።

በጁን 6 ቀን 1967 ሦስቱ መሪዎች በካምፓላ አዲስ ውል ተፈራረሙ፤ ውሉም ከዲሴምበር 1 ጀምሮ ጸንቶ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ተወለደ። ቀድሞ ሁሉም ነገር በናይሮቢ ተከማችቷል የሚለውን ስሞታ ለማስታገሥ ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ አሩሻ ተዛወረ። ወደቦቹ ከዳሬሰላም፣ ፖስታና ቴሌው ከካምፓላ፣ ባቡሩና አየር መንገዱ ከናይሮቢ እንዲመሩ ተደረገ። ኬንያ በፋብሪካ ቀድማ ስለ ነበረ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ጨቅላ ፋብሪካዎቻቸውን ለመጠበቅ ከእርሷ በሚገባ የፋብሪካ ዕቃ ላይ ልዩ ቀረጥ እንዲጥሉ ተፈቀደ።

እስቲ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። የማኅበረሰቡ የበላይ ባለሥልጣን የሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ጉባኤ ነበር። የሕግ ምክር ቤትም ነበረው፤ ነገር ግን ከየሀገሩ የመጡት 9፣ 9 አባላት የተሾሙ እንጂ ሕዝብ የመረጣቸው አልነበሩም። እንግዲህ ባቡሩ የሚሳፈረው የሕዝቡ፣ መሪው ግን በሦስት ሰዎች እጅ ነበር ማለት ነው።

አፈራረሱ

ጉዳዩ ለእኛ ለመምህራን ቅርብ ከሚሆንበት እንጀምር። በ1963 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የማከሬሬን፣ የናይሮቢንና የዳሬሰላምን ኮሌጆች ያቀፈ ነበር። በ1970 ለሦስት ተከፈለ። ሦስቱ ሀገሮች በአንድ ምክር ቤት ያካሂዱት ከነበረው የሁለተኛ ደረጃ ፈተናም ታንዛኒያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወጣች። እንደዚህ ሲታይ ማኅበሩ በይፋ ከመፍረሱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ በትምህርት ቤት በኩል መፍታታት ጀምሮ ነበር።

በጃንዋሪ 25 ቀን 1971 ጄኔራል ኢዲ አሚን በኡጋንዳ ሥልጣን ያዙ። ሚስተር ኔሬሬ ከእርሳቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም ስላሉ የሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ጉባኤ ከዚያ ወዲህ አልተሰበሰበም። የውሉ አሠራር ትልልቁን ጉዳይ ሁሉ በሦስቱ ስምምነት ላይ አንጠልጥሎት ስለ ነበር፣ ጉባኤው ሲቀር ችግሩ ሁሉ ሰሚ አጣ። በየሀገሩ የሚሰበሰበው የባቡርና የአየር መንገድ ገቢ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት በወቅቱ አልላክ አለ። ኬንያ «ዕዳውን የምሸከመው እኔ ነኝ» ስትል፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ደግሞ «ጥቅሙን የምትወስጅው አንቺ ነሽ» ይሏት ነበር። በዚህ ላይ ኬንያ የግል ሀብትን፣ ታንዛኒያ ከ1967ቱ የአሩሻ መግለጫ ወዲህ ሶሻሊዝምን መምረጣቸው አለመተማመኑን አባባሰው። በፌብሩዋሪ 1976 ደግሞ ጄኔራል አሚን ከምዕራብ ኬንያ መሬት ይገባኛል ብለው ተነሡ።

ፍጻሜው በ1977 መጣ። በዓመቱ መጀመሪያ የጋራው አየር መንገድ አውሮፕላኖች መብረር አቆሙ። ኬንያ ወዲያው የራሷን አየር መንገድ አቋቁማ በፌብሩዋሪ 4 በተከራየቻቸው አውሮፕላኖች በረራ ጀመረች። በእነዚያው ቀኖች ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር የሚያገናኘውን ድንበር ዘጋች፤ በግዛቷ የተገኙትንም የኬንያ የቱሪስት መኪናዎች ያዘች። እስከ ጁን 30 ድረስ የሚቀጥለው ዓመት ባጀት ባለመጽደቁ ማኅበረሰቡ አበቃለት። የመፍረሻ አዋጅ የለም፤ የሕዝብ ድምፅ የለም፤ ባጀቱ አለመጽደቁ ብቻ በቂ ሆነ።

በናይሮቢ የነበረው ቅሬታ

የናይሮቢ ሰው ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ያየው መሪዎቹን ስለሚያምን ነበርን? ነገሩ እንዲያ አልነበረም። የቅሬታው ታሪክ የሚነበበው ቀደም ብለን በጠቀስናቸው ጎዳናዎች ላይ ነው።

ቶም ምቦያ በጁላይ 5 ቀን 1969 በዛሬው ሞይ ጎዳና ላይ በጥይት ተገደለ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ውስጥ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ታገደ፤ ሀገሪቱም በተግባር የአንድ ፓርቲ ሀገር ሆነች። ሕዝቡ ምሬቱን የሚገልጽበት አንድ በር ብቻ ቀረው፤ እርሱም ምርጫ ነው። በኦክቶበር 1974 በተደረገው ምርጫ ከነባሮቹ የፓርላማ አባላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወንበራቸውን አጡ። ይሁን እንጂ አዲሶቹም የዚያው ፓርቲ ሰዎች ስለ ነበሩ ነገሩ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንደሚባለው ሆነ።

የዘመኑን ምሬት አጉልቶ ከሚናገሩት አንዱ የፓርላማ አባሉ ጄ. ኤም. ካሪዩኪ ነበር። ኬንያ የጥቂት ሚሊየነሮችና የሚሊዮን ለማኞች ሀገር መሆን የለባትም ይል ስለ ነበር ድኻው ይወደው ነበር። በማርች 2 ቀን 1975 ከሂልተን ሆቴል ወጥቶ በዚያው ጠፋ፤ አስከሬኑ በንጎንግ ኮረብታዎች ተገኘ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለሰልፍ ወጡ። ፓርላማው መርማሪ ኮሚቴ አቋቁሞ በጁን ወር ሪፖርት ቀረበለት፤ ሪፖርቱን ደግፈው ድምፅ የሰጡ አንድ ሚኒስትርና ሁለት ረዳት ሚኒስትሮች ግን ከሥራቸው ተሰናበቱ። በኦክቶበር 1975 ደግሞ ማርቲን ሺኩኩና ምክትል አፈ ጉባኤው ጃን ማሪ ሴሮኒ በፓርላማው ውስጥ በተናገሩት ቃል ምክንያት ከዚያው ተይዘው ያለ ፍርድ ታሰሩ።

እነዚህን ነገሮች ከማኅበረሰቡ መፍረስ ጋር የሚያያይዛቸው ምንድን ነው ቢባል መልሳችን ይህ ነው። በ1975 «የገደለው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ከሥራ የሚባረርበት፣ በዚያው ዓመት «ፓርቲው ሞቷል» የሚል ቃል የሚያሳስርበት ሀገር፣ በ1977 «ማኅበሩን ያፈረሰው ማን ነው? ስንት ያስከፍለናል?» ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ አይበረክትበትም። ክርክር ጨርሶ አልነበረም አንልም። ጋዜጦች ጽፈዋል፤ ፓርላማውም ተነጋግሯል። ዳሩ ግን ጥያቄው ወደ ላይ ሲወጣ የሚያበቃው «ጥፋቱ የጎረቤት ነው» በሚል መልስ ነበር። በዳሬሰላምም በካምፓላም ያው መልስ ይሰማ ነበር። ጥፋቱን ጎረቤት ከተሸከመው መሪው ለገዛ ሕዝቡ የሚሰጠው ሒሳብ አይኖርም።

ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?

የስዋሂሊ ተረት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይላል። ድንበሩ ከስድስት ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆየና በኖቬምበር 1983 ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ሁሉ በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖረው ማሳይ፣ ዕቃውን ወደ ደቡብ የሚልከው ነጋዴ፣ ከናይሮቢ ወደ ሴሬንጌቲ እንግዳ የሚያመላልሰው ሾፌር እንጀራው ተጓደለ። የማኅበረሰቡን ንብረትና ዕዳ ለመከፋፈል ቪክቶር ኡምብሪክት የተባሉ የስዊስ ዲፕሎማት ለዓመታት ከደከሙ በኋላ፣ በሜይ 14 ቀን 1984 በአሩሻ ስምምነት ተፈረመ። ለኬንያ ከመቶ 42፣ ለታንዛኒያ 32፣ ለኡጋንዳ 26 ደረሰ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ሚስተር ኔሬሬ፣ ሁለተኛው ወደ ሥልጣን የተመለሱት ሚስተር ኦቦቴ፣ ሦስተኛው የኬንያው ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ነበሩ። እንግዲህ በ1963 በናይሮቢ «አንድ እንሆናለን» ብለው ከፈረሙት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ከ21 ዓመት በኋላ የክፍፍሉን ወረቀት ፈረሙ። ኬንያታ በ1978 ሞተው ነበር።

ከሁሉ የከበደው የሠራተኛው ጉዳይ ነው። ዕድሜውን በባቡር፣ በወደብ፣ በፖስታ ቤት የፈጀ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ አንድ ቀን ሲጠፋ ጡረታውን ከማን ይጠይቅ? በታንዛኒያ የቀድሞው ማኅበረሰብ ሠራተኞች ገንዘባቸውን ለማግኘት ከ20 ዓመት በላይ ሲሟገቱና በዳሬሰላም ጎዳናዎች ሲሰለፉ ኖረዋል፤ ሳያገኙ የሞቱም አሉ። በሰሌዳችን ላይ ከጻፍናቸው ሦስት ምክንያቶች ውስጥ እነዚህ ሰዎች የሉበትም።

ከብሪታንያ ጋር ሲነጻጸር

ሁለቱ ታሪኮች ይመሳሰላሉ ስንል ልዩነታቸውን መዘንጋት አይገባም። የብሪታንያ ሕዝብ ሁለት ጊዜ ተጠይቋል። በጁን 5 ቀን 1975 ከመቶ 67 ያህሉ በአውሮፓ ማኅበር ውስጥ መቆየትን መርጧል፤ በ2016 ደግሞ መውጣትን። የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ ግን በ1963 ሲቃል፣ በ1967 ሲዋዋልና በ1977 ሲለያይ አንድም ጊዜ አልተጠየቀም።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ፣ «የተጠየቀውም ያልተጠየቀውም ከተማረረ ታዲያ መጠየቁ ምን ረባ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ አስተያየት ልዩነቱ በምሬቱ መጠን ሳይሆን ምሬቱ በሠራው ሥራ ላይ ይገኛል። በለንደን ፓርላማው የመንግሥትን ውል ሦስት ጊዜ ሲጥል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯም ሥልጣን ሲለቁ ጠያቂዎቹ አልታሰሩም፤ ሀገሪቱም በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ከኅብረቱ የወጣችው በምርጫና በሕግ ነው። በሌላ በኩል «እንውጣ ወይስ እንቆይ» የሚለው አንድ ጥያቄ «እንዴትና በምን ዋጋ» የሚለውን ስላልያዘ፣ አንድ ጊዜ መጠየቅ ብቻ በቂ አለመሆኑን የብሪታንያ ታሪክ ያስተምራል። ሕዝብ ከመጠየቁ ሌላ ከጥያቄውም በኋላ ሒሳብ ሊቀርብለት ይገባል።

ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። በኖቬምበር 30 ቀን 1999 በአሩሻ ተፈርሞ በጁላይ 2000 የጸናው አዲሱ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ውል በመግቢያው ላይ የቀድሞውን መፍረስ ምክንያቶች ይዘረዝራል። ከፖለቲካ ፈቃደኝነት ማነስና ከጥቅም ክፍፍል መዛባት ጎን የሕዝባዊ ማኅበራትና የግሉ ክፍል ተሳትፎ አለመጠናከርም ተጠቅሷል። ከ2006 እስከ 2007 ድረስ የፖለቲካ ፌዴሬሽን ይፋጠን ወይስ አይፋጠን የሚል ጥያቄ ለየሀገሩ ሕዝብ ሲቀርብ፣ በታንዛኒያ አስተያየት ከሰጡት አብዛኞቹ መቸኮሉን አልደገፉም። ውጤቱ ለአንዳንዶች ባይጥምም መሪዎቹ ሰምተውታል። ማኅበረሰቡም ከሦስት ተነሥቶ በ2024 ሶማሊያ ስትገባ የስምንት ሀገሮች ማኅበር ሆኗል።

ኬንያም በበኩሏ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት የሕዝብን ተሳትፎ ከመንግሥት አስተዳደር መርሆዎች አንዱ አድርጋዋለች። ይህ ማለት ቅሬታው አበቃ ማለት አይደለም። በጁን 25 ቀን 2024 የገንዘብ ሕጉን ረቂቅ የተቃወሙ ወጣቶች በዚያው መሃል ከተማ ተሰልፈው እስከ ፓርላማው ውስጥ ገቡ፤ ብዙ ሰዎችም ተገደሉ። ፕሬዚዳንቱ በማግሥቱ ረቂቁን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። ሴሮኒና ሺኩኩ ከተያዙበት ግቢ ፊት ለፊት የልጅ ልጆቻቸው ዕድሜ ያላቸው ወጣቶች ያንኑ ሒሳብ ሲጠይቁ ዋጋው አሁንም ከባድ እንደ ነበር መካድ አይቻልም።

ለክፍል ውስጥ ትምህርት

በመጨረሻም ለሙያ ባልደረቦቻችን አንድ ሐሳብ እናቅርብ። የማኅበሮችን መመሥረትና መፍረስ ስናስተምር የፈራሚዎቹን ስምና ቀን ማስጠናት ብቻ በቂ እንዳልሆነ ከራሳችን ጉድለት ተምረናል። ተማሪዎች በቡድን ተከፍለው አንዱ ቡድን የናይሮቢውን የባቡር ሠራተኛ፣ ሌላው በአሩሻ የሚኖረውን ነጋዴ፣ ሦስተኛው የካምፓላውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቦታ ይዞ፣ ከ1963 እስከ 1984 ያለውን ዘመን በዚያ ሰው ዓይን ይመልከት። ከዚያም እነዚህን ጥያቄዎች ይወያዩባቸው። ማኅበሩ ሲመሠረት ይህ ሰው ተጠይቋልን? ሲፈርስስ? ቅሬታውን ለማን ማቅረብ ይችል ነበር? ያቀረበውስ ምን ደረሰበት? ከዚህ በኋላ ሦስቱ የሰሌዳ ምክንያቶች ቢጻፉ ተማሪው ምን እንደሚገለብጥ ያውቃል።

ያ ሠልጣኝ ዛሬ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነው። ይህን ጽሑፍ ቢያነብና የጎደለውን ቢነግረን ደስ ይለናል።